የመዳፍ ጠላ

አምቦ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ኤጄታ፣
አዲስ ዓለም

አከም ጅርታ? ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ ከናፍቆትህና አንተ ካረቀቅከው ደንብ በቀር ደህና ነኝ።

«ለምን ዝም አልሽኝ፣ ተቀየምሽኝ ወይ?» ብለህ በሹፌሩ በበድሉ የላክብኝ ቃል ደርሶኛል። አዎ፣ ተቀይሜሃለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰፈራችን ተዝካር ነበር። ድንኳኑ የዕድሩ፣ ጠላው የእኔ። ልጄ መቲ ማሰሮውን ይዛ ገባችና እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ልትቀዳ ጎንበስ አለች። መቼም አንተ መጠጥ ከተውክ ብዙ ዘመንህ ስለሆነ ረስተኸው ይሆናል፤ በእኛ ሰፈር ቀጂው ሳይቀምስ የሚጠጣ ሽማግሌ የለም። አቶ ደግፌን ታውቃቸው የለ፣ ከተማው ሀገረ ሕይወት ከሚባልበት ዘመን ጀምሮ በጽሕፈት ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡትን? እሳቸው ያልተቀመሰ ጠላ ሲቀርብላቸው ዋንጫውን መሬት ያስቀምጡና ወደ ደጅ ማየት ይጀምራሉ። የገዛ እናታቸው ከመቃብር ተነስተው ቢቀዱላቸውም ያስቀምሷቸው ነበር።

መቲ ቀና ስትል ኦቦ ኩምሳ ቆመው ጠበቋት። ሰውየው የዕድሩ ዳኛ ከሆኑ ወዲህ ደንቡን ተንተርሰው ነው የሚተኙት ይባላል። አንተ የጻፍከውን በቃላቸው አሉት፤ በዕድሩ ድንኳን ሥር ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው ጠላ በአፉ አያስገባም። ከዚያ ዕድሜዋን ጠየቋት። ይቺ ልጅ መቼም አንተን ነው የወጣችው፣ እውነት ስትናገር ግራ ቀኝ አታይም፤ «አሥራ ዘጠኝ» ብላ መለሰች። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ሦስት ጊዜ የተያዘ ቤት ከዕድሩ ይሰረዛል የሚለውም የአንተው እጅ ነው።

ኤጄታ፣ ባሌን የቀበረልኝ ይህ ዕድር ነው። እኔ አሁን ባል የለኝ፣ ወንድ ልጅ የለኝ፤ ከዕድር ወጥቼ አንድ ቀን ብወድቅ መቲ ብቻዋን ተሸክማ ትውሰደኝ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር። የጠላ ሻጭ ልጅ በጠላ ስትከሰስ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው። ያሰረ ይፍታ። ደንቡን ያሰርከው አንተ ነህና መጥተህ ፍታው።

እህትህ ባየሽ

(ጋሼ፣ ጸሐፊዋ እኔ መቲ ነኝ፤ እማዬ እያለችኝ ነው የምጽፈው። እውነቱን ለመናገር እኔ ጠላ አልወድም። የምወደው ለስላሳ ነው። ይህን ጻፊ አላለችኝም።)


አዲስ ዓለም፣ ጥቅምት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ባየሽ፣
አምቦ

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኛ በጸጋው ደህና ነን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ስለነበር መልሱ ዘግይቷል፤ ይቅርታሽ አይለየኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። ደንቡ ስህተት የለበትም። ክፍተት ግን አለበት። ስህተትና ክፍተት ይለያያሉ፤ ይህንን ለተማሪዎቼም በየዓመቱ አስረዳለሁ፣ እነሱም በየዓመቱ አይገባቸውም።

«ሃያ አንድን ከየት አመጣኸው?» ብትዪኝ፣ ከሰማይ አላወረድኩትም። እኔ ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት በነበረው ሰርግ ልጆቹ ሰክረው የድንኳኑን ምሰሶ እንደነቀሉት፣ ሙሽራዋም ከነቬሏ በእንብርክክ ከሸራው ሥር እንደወጣች ታስታውሺያለሽ። በማግስቱ ደንብ ይውጣ ተባለ። እኛ ጴንጤዎቹ ማንም በምንም ዕድሜ አይጠጣ አልን። ሽማግሌዎቹ ጥርስ ያወጣ ሁሉ ይጠጣ አሉ። እኛ ወደ አርባ ወረድን፣ እነሱ ወደ አሥራ አምስት ወጡ። ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ገበያ ስንከራከር ውለን ሃያ አንድ ላይ ስንደርስ ሁሉም እኩል ከፋው። ፍትሕ ማለት ይኸው ነው ብዬ ጻፍኩት።

እርግጥ ስለ መዳፉ አላሰብኩም። እኔም እኮ እንደ አንቺው እናታችን ጋን ሥር ነው ያደግኩት፤ ስትቀምስ ስንቴ አይቻታለሁ። ግን አንድም ቀን መጠጣት ሆኖ አልታየኝም። ለእንግዳ ሰላምታ የምትሰጥ ነበር የሚመስለኝ። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። «ለማስቀመስ ሲባል በመዳፍ የሚቀመስ ጠላ እንደ መጠጣት አይቆጠርም» የሚል ማሻሻያ በሌላ ወረቀት ጽፌ ልኬልሻለሁ። ለኦቦ ኩምሳ ስጫቸው። ደንብ በደንብ ሲመጣባቸው ይለሰልሳሉ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። አምቦ ውስጥ የሚታወቀው የአንቺ መዳፍ ነው። እትዬ ባየሽ ቀምሳ ካቀረበችው ውጭ አንጠጣም የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። አሁን ምን ተገኝቶ ነው ልጅቷ የምትቀምሰው? አንቺ ሃያ አንድ ከሞላሽ ሰንብተሻል።

ወንድምሽ ኤጄታ


አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ኤጄታ

እንደምን ሰንብተሃል? ልጅህ ጉንፋን ይዞት ነበር አሉ፣ ተሻለው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያ ደህንነት ከሆነ ደህና ነኝ።

ማሻሻያህ ምን ላይ እንደደረሰ ለመስማት ቸኩለሃል። በጭብጨባ ጸደቀ። ያጨበጨቡት ወጣቶቹ ስለሆኑ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰርግ ነበር። ጉርሙን ታውቀዋለህ፣ ድንኳን ሲተከል የወጣቶቹ አለቃ የሚሆነውን፣ ገና ሃያ የሆነውን። በጠዋት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ጋኑን ከብቦ ቆመ። ምን ትሠራላችሁ ብላቸው ቀማሾች ነን አሉኝ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ ቀማሽ ተመደበ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ማሰሮ ቀማሽ ያስፈልጋል ተባለ። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ በትክክል መቅመሳቸውን የሚያረጋግጡ ሌሎች መጡ። የጉርሙ መዳፍ ደግሞ አካፋ ነው፣ አንዴ ሲዘረጋው ጣሳ ሙሉ ይይዛል። እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ ጋኑ ውስጥ የቀረው አተላ ነበር። ሙሽሮቹ በአምቦ ውሃ ተመረቁ። የሙሽራው አባት እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ማሻሻያህ ተሻረ። ሽማግሌዎቹ ጨምረው የጠማቂዋ ቤት ሰው ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይቀምስ ወሰኑ፤ የራሱ ቤት ያልጠመቀውን የሚቀምስ ሰው ምኑን አስተማመነ ብለው። ይህን ሁሉ የወሰኑት ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ነው። ለእኛ ለሴቶቹ የነገረን የለም። ረቡዕ ዕለት ለቅሶ ቤት መቲ እንደ ልማዷ ቀመሰች። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

የልጅቷን ዕድሜ ከፍ አድርጊ ብለው ጎረቤቶች መከሩኝ፤ ሞክሬአለሁ። ኦቦ ኩምሳ ቤት ሄጄ ልጅቷ ተሳስታ ነው እንጂ ሃያ አንድ ሞልቷታል አልኩ። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሚስታቸው ደስታነሽ ከጓዳ ወጣች። እሷና እኔ በአንድ ሳምንት እንደወለድን፣ የአራስ ገንፎ እየተላላክን እንደበላን ረስቼው ነበር። ለካ ደስታነሽ ሴት ልጇን ልትድር ነው፤ ለአማቾቹም አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ብላቸዋለች። «የአንቺን ሃያ አንድ ካደረግሽ የእኔን ቆማ ቀረች ልታሰኚ ነው» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። በመጨረሻ ተስማማን፤ መቲ በአሥራ ዘጠኟ ትቆያለች፣ በዚያው ሳምንት የተወለደችው የእሷ ልጅ ደግሞ በአሥራ ስምንቷ። ኦቦ ኩምሳ ሁሉንም ሰምተው ደንቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና መልሰው አጠፉት። ይህን የሚከለክል አንቀጽ የለም መሰለኝ።

አሁን የቀረው አንድ መንገድ ነው። ዕድሜው ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ዕድሩ ለሁለት ተከፍሏል። ጉርሙ ተነስቶ «ሬሳ የምንሸከም እኛ፣ መቃብር የምንቆፍር እኛ፣ ድንኳን የምንተክል እኛ፤ ለጠላው ሲሆን ብቻ ልጆች ነን?» ሲል አሮጊቶቹ ሳይቀሩ እውነቱን ነው አሉ። የወንድ ልጅ እናቶች ግን ዕድሜው ይውረድ ሲባሉ ሰማይ የወረደባቸው ያህል ጮኹ። የአንተ ወንድሞች ጴንጤዎቹ ጭራሽ ሠላሳ ይሁን አሉ። ኦቦ ኩምሳ መሐል ቆመው «ሴሪ ሴራ ዳ» ይላሉ፣ ሕግ ሕግ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው ይቅር እላለሁ፣ የዕድር አባል ሆኜ ሳስበው ይውረድ እላለሁ። ሁለቱም ወገን አንተን ያከብራል። መጥተህ ይውረድ ብለህ ብትናገር ያልቃል። ውሃ ሲጠራ ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር።

ስለ መዳፌ የጠየቅከኝ፣ መዳፌ ደህና ነው።

እህትህ ባየሽ

(ጋሼ፣ ስለ መዳፉ ሌላ ምን ልጻፍ ብዬ ሁለቴ ጠይቄያታለሁ። ነጥብ አድርጊ አለችኝ።)


አዲስ ዓለም፣ ኅዳር 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ባየሽ

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ልጁ ተሽሎታል፣ አሁን እኔ ነኝ የማስነጥሰው። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት የጉርሙ መዳፍ ጋ ስደርስ ሁለታችንም መቀጠል አቃተን። ከዚያ የተሻረው የእኔ አንቀጽ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሳቄን አቆምኩ።

የመጨረሻ ልመናሽን ግን መቀበል አልችልም። ምክንያቴን ሁለት ብለሽ ቁጠሪ። አንደኛው ቀላሉ ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ለሽማግሌነት መርጠውኛል፤ ለገና በጉባኤ ፊት ይጸለይልኛል። የተመረጠው ሽማግሌ አምቦ ሄዶ «ዕድሜው ይውረድ፣ ወጣቱ ይጠጣ» አለ ተብሎ ሲወራ ይታይሻል? ወሬውን ደግሞ የሚያመጣው በድሉ ነው። በድሉ ከሰው ይልቅ ወሬ እንደሚጭን አንቺም ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው ግን ይብሳል። ዕድሜው መውረዱ ትክክል አይመስለኝም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ከኋላው ወንበር ጠላ ይሸተኛል። አሥራ ስምንት የሞላቸው ናቸው፣ መምረጥም ይችላሉ፣ ሬሳም ይሸከማሉ። አንዱን ጎበዝ ተማሪዬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲሠራ አስነስቼው ጠመኔውን መያዝ አቅቶት ተቀመጠ። አባቱ ስላስለመደው ነው ያለኝ፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም። ይህን አይቼ ለእህቴ ስል ይውረድ ብዬ ብናገር እሱን ልጅ በየትኛው ዐይኔ አየዋለሁ?

እስቲ ሌላ ዘዴ እንፈልግ። ሽማግሌዎቹ የማያሰክረው ቀሪቦ ቢቀርብላቸውስ? ወይም የአገራችን የአምቦ ውሃ ምን ይጎድለዋል? ደግሞ አሁንም ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሳትቀምሺ ያቀረብሽው ማሰሮ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይሁንብን፤ ለምንድን ነው የማትቀምሺው?

ወንድምሽ ኤጄታ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤጄታ

እንዴት ነህ? ለሽማግሌነት መመረጥህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እናታችን ብትኖር ሰፈሩን ጠላ ታጠጣልህ ነበር።

የአምቦ ውሃውን ምክርህን ለአቶ ደግፌ ነግሬያቸው ነበር። «በአምቦ ውሃ ቃሬን አስታግሳለሁ እንጂ ሚስቴን አላስብበትም» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እሑድ ታኅሣሥ 18 የባለቤታቸው ሙት ዓመት ነው። ጠላውን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ ሴትየዋ በሕይወቷ ከእኔ ጠላ ሌላ አትጠጣም ነበር። ጠንስሻለሁ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ አንተም ብትሆን እምቢ አትላቸውም።

በዋዜማው ቅዳሜ ዕድሩ ተሰብስቦ የአሥራ ስምንቱን ነገር ይቆርጣል። ሐሳቡ ካለፈ፣ እሑድ መቲ በሰላም ትቀምሳለች። ካላለፈ ወይ ሳይቀመስ አቀርብና አቶ ደግፌ በሚስታቸው ተዝካር ዋንጫቸውን መሬት ያስቀምጣሉ፣ ወይ መቲ ትቀምስና እሰረዛለሁ። ኦቦ ኩምሳ ከአሁኑ አዝነው ሰላም እያሉኝ ነው። ደግነታቸውን አልክድም፣ ሰው ሊቀጡ ሲሉ አስቀድመው ያዝናሉ።

ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ሌላውን ጥያቄህን ተወው። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እህትህ ባየሽ

(ጋሼ፣ እማዬ ብቅል ልታሰጣ ወጥታለች፣ ፈጥኜ ነው የምጽፈው። ነሐሴ ላይ ደም አስታወካት። ሆስፒታል ወስጃት ጨጓራዋ ቆስሏል ተባለ፤ ጠላ የሚባል በአፏ እንዳይዞር ነገሯት፤ ካልሆነ ግን ለሕይወቷ ያሰጋታል አሉ። የጠላ ሻጭ ጠላ እንደማትቀምስ ከታወቀ ማን ይገዛኛል ብላ ለማንም እንዳልናገር በአባቴ መቃብር አስማለችኝ። እኔ አልተናገርኩም፤ ጻፍኩ እንጂ። ጋን ስታጥብ ጭንቅላቷን አስገብታ «ማን ያነሳኛል» ስትል ሰማኋት። ጋኑ ድምፅ እንደሚያጎላ የረሳች ይመስለኛል። መጣች።)


አዲስ ዓለም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ባየሽ

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ቅዳሜ በጠዋት በበድሉ መኪና እመጣለሁ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ለአሥራ ስምንቱ አልናገርም። ከጠየቁኝ የማምነውን እላለሁ፣ መጠየቃቸውም አይቀርም። ትቀየሚኛለሽ፤ መብትሽ ነው። ግን ከእኔ ጋር የምትውይው ቅዳሜንና እሑድን ብቻ ስለሆነ ቂሙን እባክሽ ለሰኞ አቆዪልኝ።

ስለ ጥያቄዬም ከእንግዲህ አልጨቀጭቅሽም። መቲን ሰላም በይልኝ። የእጅ ጽሑፏ በጣም ተሻሽሏል፣ በተለይ ፈጥና ስትጽፍ።

ወንድምሽ ኤጄታ


አዲስ ዓለም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ባየሽ

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። «ሳትሰናበተኝ የሄድከው ተቀይመህ ነው?» ብለሽ በበድሉ ልከሽብኛል። አልተቀየምኩም። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር፣ እኔም ፊትሽን ለማየት አፍሬ ነበር።

ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ዕድሜው አይውረድ ብዬ ስናገር ዐይንሽን አይቼዋለሁ። ሃያ አንዱ በእኔ ንግግር ጸና፤ ማለትም እህቴ በዕድሩ የምትቆይበትን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት። ከዚያ እስከ እሑድ እኩለ ቀን አላነጋገርሽኝም። ራት ስታቀርቢልኝ እንኳ አጠገቤ ቆመሽ መቲን «ጨው ይጨምር እንደሆነ ጠይቂልኝ» ነበር ያልሽው። ጨው ይጎድለው ነበር፣ ለማለት ግን አልደፈርኩም።

ያሰብኩትን ያልነገርኩሽ እንደማትፈቅጂልኝ ስለማውቅ ነው። ለሽማግሌነቴ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ የምትኮሪው። መቲ ማሰሮውን ይዛ ድንኳኑ መሐል ቆማ፣ ኦቦ ኩምሳም አዝነው ሊነሱ ሲሉ፣ አቶ ደግፌም ዋንጫቸውን ወደ መሬት ሲያወርዱ ተነስቼ መዳፌን ዘረጋሁ። ያ ሁሉ ሰው ወደ መዳፌ አንገቱን አሰገገ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ተተኩሮብኝ አያውቅም። ኦቦ ኩምሳ እኔ የምኖረው አዲስ ዓለም ስለሆነ የቤትሽ ሰው አይደለሁም ብለው ሲከራከሩ አቶ ደግፌ የመለሱትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። «ይቺ ሴት ነገ ብትሞት ራስጌዋ የሚቆመው ማነው? እሱ አይደለም? እንግዲያው የቤቷ ሰው ነው፤ ቅጂለት» አሉ ለመቲ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ልምጣ። ራሴ ልነግራቸው ብሄድ በድሉ ቀድሞኝ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ አስቀምጠው ጠየቁኝ። ቀምሰሃል? ቀምሻለሁ። ዋጥከው? ዋጥኩት። ቢያንስ ለምን አልተፋኸውም አሉኝ። ቀማሽ ከተፋው እኮ መርዝ ነው ማለት ነው፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነስቶ ይሄድ ነበር፣ እህቴም ከዚያ በኋላ ጠላ ሸጣ አታድርም ብዬ መለስኩ። መጋቢያችን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። የሆነው ሆኖ የገናው ጸሎት ቀርቶ ጉዳዬ ለፋሲካ ተላልፏል። ከፍቶኛል፣ አልዋሽሽም። አልተጸጸትኩም ግን።

ይቅርታ የምጠይቅሽ በሌላ ነገር ነው። ከዋጥኩት በኋላ ሰው ሁሉ ፊቴን ሲመለከት «ጌሾው በዝቷል» ማለቴ። የመምህርነት ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ላሳፍርሽ አልነበረም፤ ያየሁትን ሳላርም ማለፍ አይሆንልኝም። ጉርሙ በሳቅ ሲወድቅ፣ አንቺ ደግሞ ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ ስትወጪ አይቻለሁ። በገዛ ጠላሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።

ሐኪም ቤት የምትመለሺው መቼ ነው? እኔ እወስድሻለሁ። መቲን እንዳትቆጪያት፤ አልተናገረችም።

ወንድምሽ ኤጄታ


አምቦ፣ ጥር 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤጄታ

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ወረቀት ይፈጃል፣ ስለዚህ አጭር ነው። መቲ እንድትጽፈው አልፈለግኩም፤ እሷ ያላልኳትን ትጽፋለች።

ሐኪም ቤት ሄጄ መጣሁ። ቁስሉ እየደረቀ ነው አሉ፣ መድኃኒቱ መራራ ነው። ኦቦ ኩምሳ አንተን የባየሽ ቤት ቀማሽ ብለው መዝግበውሃል፤ መቲ ሃያ አንድ እስኪሞላት ሥራው የአንተ ነው። ደስ ብሏቸው ነው የመዘገቡት፣ አንድ አንቀጽ ሳይጣስ ነገሩ ስላለቀ። ጉርሙ አኩርፎሃል፤ ግን ባለፈው ድንኳን ሲተክል ለጓደኞቹ የአንተን አነጋገር እየቀዳ ሲያስቃቸው ሰምቼዋለሁ።

ስለ ጌሾው ይቅርታ ጠይቀኸኛል። ኤጄታ፣ እኔ ከነሐሴ ጀምሮ ሳልቀምስ ነው የምጠምቀው። በዐይኔና በአፍንጫዬ፣ በልማድ። መቲ ከእኔ ሌላ ጠላ አታውቅም፣ የእኔንም አትወደውም፤ ደህና ነው ትለኛለች። ሽማግሌዎቹ ጠጥተው መርቀውኝ ይሄዳሉ። ጉርሙና ጓደኞቹ ጋን ሙሉ ቀምሰው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ኦቦ ኩምሳ ደንቡን ነው የሚያዩት፣ ጠላውን አያዩትም። የእናታችን መጠን ከእጄ እየሸሸ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ጠጪ መሐል የነገረኝ የለም። የነገርከኝ አንተ ነህ፣ መጠጥ የተውከው። እኔ እሷ ያስተማረችኝን ስረሳ ምላስህ እሷን አልረሳትም። በነጠላዬ የተሸፈንኩት አፍሬ መስሎህ ከሆነ አላፈርኩም።

ጌሾውን ቀንሻለሁ። ለጥር ሰርግ የጠነሰስኩት ደርሷል። ለመጋቢህ ንገራቸው፣ ከጥር ወዲያ ጾም ስለሚገባ ሰርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ታርፋለህ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን እሱ ባለቤቱ ያውቃል። አሁን ግን አቶ ደግፌ ሳይቀመስ አይጠጡም፣ እኔም አንተ ሳትነግረኝ አላምነውም። በድሉ ቅዳሜ በጠዋት ይነሳል።

እህትህ ባየሽ